ከላይ የታሰረ ሰነድ፣ ከታች የተጨፈለቀ ካርቶን፦ ወደ ጎንደር የተላከ የላቦራቶሪ ዕቃ የጉዳይ ጥናት

በሐምሌ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የተላከ የላቦራቶሪ ብርጭቆ አዘዞ በሚገኝ መጋዘን ሲራገፍ፣ አንደኛው ፓሌት (ካርቶን የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ ከነበሩት 40 ካርቶኖች 13ቱ ተጨፍልቀው ተገኙ። አብሯቸው የተላከው የዕቃ ዝርዝርና የማስረከቢያ ሰነድ ደግሞ ርሶ ገንፎ ሆኗል። ላኪው መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ነበር ያያቸው፤ የካርቶኑን በጫኞች፣ የወረቀቱን በዝናብ አሳበበ። የጉዞው ቅደም ተከተል ተጣርቶ ሲታይ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ውሳኔ አለ፦ ሰነዱ ፓሌቱ አናት ላይ እንዲታሰር የተደረገበት ውሳኔ። ይህ ጽሑፍ ያንን ሰንሰለት ከነቁጥሩ ያሳያል፤ ቀጥሎም ምትኩ ዕቃ እንዴት ታሽጎ እንደተላከ ይዘረዝራል። ላኪው፣ አጓጓዡና ተቀባዩ የጤና ተቋም በስም አይጠቀሱም።

ጭነቱ

ጠቅላላው ጭነት ሦስት ፓሌትና አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ማይክሮስኮፕ የያዘ ነው፤ ሁለቱ ፓሌቶች ፕላስቲክ ነክ ዕቃ የያዙ ናቸው። እነዚህ በደህና ስለደረሱ እዚህ አንመለስባቸውም። ጉዳት የደረሰበት ፓሌት 120 በ100 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቢከር፣ የሙከራ ቱቦና የመለኪያ ሲሊንደር የያዙ 40 ካርቶኖች ተደርድረውበታል። እያንዳንዱ ካርቶን 40 በ30፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 16 ኪሎ ነው። በአንድ ድርብ አሥር ካርቶን፣ አራት ድርብ፣ በድምሩ 640 ኪሎ። ዙሪያውን በስትሬች ፊልም (በሚለጠጥ ስስ ላስቲክ) ተጠቅልሏል። አራቱም ጎን ላይ በማርከር «ተሰባሪ ነው፣ አትጫኑበት» የሚል ተጽፎበታል።

ሰነዱ በስስ ፌስታል ተደርጎ ከላይኛው ድርብ መሀል በፕላስተር ተለጥፎ፣ ከፊልሙ ሥር ተቀምጧል። የዚህ ሐሳብ ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ ፓሌቱን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው አናቱን ስለሆነ ወረቀቱንም ወዲያው ያገኛል ተብሎ ነው። ከጭነቱ ጋር ሌላ ቅጂ ግን አልነበረም። ማኅተም ያረፈበት ዋናው ሰነድ እሱ ብቻ ነው። ሹፌሩ እጅ የነበረው የአጓጓዡ የመጫኛ ደረሰኝ «4 ጥቅል የላቦራቶሪ ዕቃ» ይላል እንጂ ከዚያ ያለፈ ዝርዝር የለውም።

መንገድ ላይ የሆነው

ከአዲስ አበባ ጎንደር በጎሃ ጽዮን፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሲኬድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጭነት ለሚያሽግ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የዓባይ በረሃ ነው፤ መኪናው ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደፊት ይገፋል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በጋራ ያወጡት የጭነት አደራረግ መመሪያ፣ ለመኪና መንገድ ጉዞ ወደፊት የሚገፋውን ኃይል የዕቃውን ክብደት 0.8 እጥፍ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚገፋውን ደግሞ 0.5 እጥፍ አድርጎ ይቆጥራል። ለዚህ ፓሌት ወደፊት የሚገፋው 512 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ፓሌቱ ይህን ተቋቁሟል። ፊልሙ በደንብ ስለጠበቀ ድርድሩ አልተዛነፈም። ጉዳቱ የደረሰው ከበረሃው በኋላ ነው።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሾች የዕቃ ዝርዝር ጠየቁ። ሹፌሩ ዝርዝሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ ረዳቱ ሸራውን ፈትቶ ፓሌቱ ላይ ወጣ፣ ፊልሙን በቢላ ቀደደ፣ ወረቀቱን አሳየ፣ መልሶ ከተተው። ቀዳዳውን የሚያሽግበት ግን አልነበረውም። ረዳቱ ይህን አዘዞ ላይ ሲጠየቅ ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ሥራውን ነው የሠራው፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው?

ባሕር ዳር ላይ መኪናው ከፊል ጭነቱን አራግፎ ለጎንደር የሚሄድ ሌላ ዕቃ ጫነ። 20 ካርቶን የፎቶኮፒ ወረቀት ነበር። ሸራው ተገልጦ ሳለ ዝናብ መጣ። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ በካርቶኖቹ መካከል ወደ ታች ወረደ፤ ፊልሙ ግርጌ ድረስ ተጠምጥሞ ስለነበር መውጫ አጥቶ የታችኛው ድርብ ሥር ተጠራቀመ። ከዚያ የጫኞቹ አለቃ ለወጣቱ ጫኝ «ከላይ ለጥ ያለ ነው፣ ይችላል፤ ጫንበት አንተ» አለው። የፎቶኮፒ ወረቀቱ ፓሌቱ ላይ ተጫነ። ከባሕር ዳር በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት በኩል ጎንደር የሚደረሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው፤ ካርቶኖቹ የተጨፈለቁት በዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

የፎቶኮፒ ወረቀቱ ሲነሳ የታየው ሁሉንም ያስረዳል። ክንድ የሚያህል የቢላ ቅዳጅ አለ። ከቅዳጁ አጠገብ ባለው ካርቶን ክዳን ላይ የጫማ ሶል በጭቃ ጥርት ብሎ ታትሟል፤ ክዳኑ ከዱካው ሥር ሁለት ጣት ያህል ሰምጧል። ፌስታሉ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ተጣብቆ አንድ ሆኗል፤ የማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ፈስሶ ሦስቱንም ገጽ አቅልሟቸዋል።

ካርቶኑ ለምን አልቻለም

እዚህ ላይ ቁጥሩን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «20 ካርቶን ወረቀት ነው የጨፈለቀው» ማለት ግማሹ እውነት ብቻ ነው።

ካርቶኑ ባለ አንድ ሞገድ ነው፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። ፋብሪካዎች ኢሲቲ ብለው የሚለኩት የጠርዝ ጥንካሬው 32 ፓውንድ በኢንች ነው፤ ይህም በሜትር 5.6 ኪሎ ኒውተን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የማኪ ቀመር የካርቶንን የመሸከም አቅም ከጠርዝ ጥንካሬው፣ ከዙሪያው ርዝመትና ከውፍረቱ ያሰላል፦ 5.87 ሲባዛ በጠርዝ ጥንካሬ፣ ሲባዛ በዙሪያና በውፍረት ብዜት ስኩዌር ሩት። ዙሪያው 1.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.004 ሜትር ሲሆን ውጤቱ 2,460 ኒውተን ገደማ፣ በኪሎ 250 ይሆናል። ይህ አንድ አዲስና ደረቅ ካርቶን በመጨመቂያ ማሽን ሥር ከላዩ ቀጥ ብሎ ሲጫንበት እስኪፈርስ የሚችለው ነው። ለጉዞ ግን የዚህ አራተኛ ወይም አምስተኛ እጅ ብቻ ነው የሚታሰበው፤ ከ50 እስከ 60 ኪሎ።

የታችኛው ድርብ ካርቶን ከላዩ ሦስት ካርቶን ይሸከማል፤ 48 ኪሎ። በወረቀት ላይ ሲታይ ልክ ነው። ሆኖም አሻጊዎቹ እያንዳንዱን ድርብ አዙረው፣ እንደ ብሎኬት ግንብ አያይዘው ነው የደረደሩት። ብሎኬት ድፍን ስለሆነ የትም ቢጫንበት ይሸከማል፤ ካርቶን ግን ክብደት የሚሸከመው በአመዛኙ በአራቱ ቋሚ ማዕዘኖቹ ነው፣ የግድግዳው መሀል ሲጫኑት ይጎብጣል። ድርድሩ ሲዞር የላይኛው ካርቶን ማዕዘን የታችኛው ግድግዳ መሀል ላይ ያርፋል፤ በዚህም አቅሙ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። 250ው 125 ሆነ። እርጥበት ሌላውን ግማሽ ይወስዳል፤ ከፍተኛ እርጥበት የጠጣ ካርቶን የደረቁን ግማሽ ያህል እንኳ ቢሸከም ነው። 125ቱ 62 ሆነ። ውሃ የቆመበት ደግሞ ከዚህም ይወርዳል።

አሁን ወረቀቱን እንጨምር። ኤ4 ባለ 80 ግራም ወረቀት፣ ባለ 500 ቅጠሉ ፓኬት 2.5 ኪሎ ነው፤ አምስት ፓኬት የያዘ ካርቶን 12.5 ኪሎ፤ ሃያው 250 ኪሎ። በአሥር ካርቶን ስፋት ላይ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። የታችኛው ካርቶን ጭነት 73 ኪሎ ሆነ፤ አቅሙ 62 ነው። መኪናው ቆሞ እንኳ ቢያድር ይፈርስ ነበር። ሲሄድ ደግሞ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጭነቱ ለቅጽበት እስከ እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ከታችኛው ድርብ ዘጠኝ፣ ከሁለተኛው አራት ካርቶን የፈረሱት በዚህ ነው።

ስሌቱን ወደ ኋላ መልሰን ብንሠራው ምን ይል ነበር? ድርድሩ ቀጥ ያለ ቢሆን፣ ካርቶኑ እርጥበት ቢጠጣ እንኳ አቅሙ 125 ኪሎ ነው፤ የራሱ ጭነት 48፣ በጉድጓድ ሲመታ 96። ያልፋል። ያው ቀጥ ያለ ድርድር ወረቀቱ ቢጫንበት ግን 73ቱ በምት 146 ይሆናል፤ አያልፍም። የዞረው ድርድር ደግሞ ከላይ ምንም ባይጫንበት፣ ረጥቦ ሳለ 96ቱን በ62 አቅም አይችልም። ስለዚህ ጫኞቹ ብቻ አይደሉም ጥፋተኛ። ላኪው በራሱ ደጃፍ ላይ የካርቶኑን ግማሽ አቅም አጥፍቶ ነው የላከው፤ ቀዳዳው ሁለተኛውን ግማሽ ጨረሰ፤ ወረቀቱ የመጨረሻውን ሠራ።

«አትጫኑበት» የሚለው ጽሑፍስ? ጽሑፉ ጎን ላይ ነው፤ የሚጭነው ሰው ደግሞ የሚያየው አናቱን ነው። አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ ከሆነ «ጫንብኝ» እያለው ነው። አጓጓዡም ከፓሌቱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ገንዘቡ ስለሆነ ባዶውን ይዞት አይሄድም። ይህን በተግሣጽ መለወጥ አይቻልም፤ ወይ የላዩን ቦታ ከፍለህበት በውል ማስጻፍ ነው፣ ወይ ፓሌቱ ሲጫንበት እንዲችል አድርጎ መሥራት። ሦስተኛ መንገድ አለ የሚል ሰው መኪና ሲጫን ቆሞ አላየም።

ሰነዱ በመጥፋቱ የተከተለው

ሹፌሩ የተቀባዩን ተቋም የንብረት ክፍል ኃላፊ «እህቴ፣ ዕቃሽ ይኸው፣ አራት ጥቅል ሙሉ ነው፤ ፈርሚልኝና ልሂድ» አላት። መልሷ ትክክለኛ ነበር፦ «ወንድሜ፣ ያለ ዝርዝር ምን ብዬ ነው ሞዴል 19 የምቆርጠው?»

በመንግሥት ተቋም ገቢ የሚደረግ ዕቃ ሞዴል 19 የተባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ከግዥ ትዕዛዙና ከማስረከቢያ ሰነዱ ጋር ተመሳክሮ ነው። ላኪው ዝርዝሩን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ግን ዝርዝሩ በዓይነት እንጂ በካርቶን ቁጥር የተዘጋጀ አልነበረም፣ ካርቶኖቹም ቁጥር የላቸውም። በ13ቱ ውስጥ ቢከር ነበር ወይስ ሲሊንደር፣ ስንት ነበር፣ ስንቱ ተሰበረ የሚለውን ለማወቅ 40ውንም ከፍቶ መቁጠር ግድ ሆነ። ያኔም የተቆጠረው የተረፈው እንጂ የተላከው አይደለም። ላኪው ሙሉ ነው የላክሁት ይላል፤ አጓጓዡ ቀድሞም በደንብ አልታሸገም ይላል። ፓሌቱ ከመጫኑ በፊት የተነሳ ፎቶ በማንም እጅ የለም። በመጨረሻ ላኪው ምትክ ለመላክ ተስማማ፤ ክርክሩን ግን ማንም በማስረጃ አልረታም።

ወረቀቱ ራሱ ለምን እንደጠፋም ማወቅ ይጠቅማል። ቀለም በሚረጭ (ኢንክጄት) ፕሪንተር የታተመ ጽሑፍ ውሃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይፈስሳል፤ በሌዘር የታተመ ግን ወረቀቱ ቢርስም ጽሑፉ ይቆያል። ተራ እስክሪብቶ አብዛኛውን ጊዜ ከጄል እስክሪብቶ ይልቅ ውሃ ይችላል። ማኅተም ግን ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያሟሟው ቀለም ስለሆነ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። በሙቀት የሚታተም የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው ፊልም ሥር ከዋለ ይበላሻል፤ ፎቶኮፒው እንጂ እሱ ፓሌት ላይ አይታሰርም።

ምትኩ እንዴት ታሸገ

ምትክ ዕቃው፣ እንደገና 40 ካርቶን ሆኖ፣ በነሐሴ፣ በዚያው መንገድ፣ በተመሳሳይ የጋራ ጭነት መኪና ተላከ። ካርቶኑም ያው ነው። የተለወጠው አደራደሩ ነው።

በአንድ ድርብ አሥር ካርቶን የሚገባው ሲሞላ ነው፤ ዘጠኝ ብቻ ሲደረግ ሦስት በሦስት ሆኖ 120 በ90 ይይዛል፣ ከ100ው ሴንቲ ሜትር 10 ይተርፋል። ይህ ትርፍ ነው የመፍትሔው ቁልፍ። በሁለቱ ረጅም ጎኖች አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ተትቶ፣ 5 በ5 የሆነ የሞራሌ ቋሚ በአራቱ ማዕዘንና በሁለቱ ጎኖች መሀል ቆመ፤ ስድስት ቋሚ። ካርቶኖቹ አራት ድርብ ሆነው 120 ሴንቲ ሜትር ይቆማሉ፤ ቋሚዎቹ 124 ተደርገው ተቆረጡ። አራቷ ሴንቲ ሜትር ትርፍ የግድ ናት፤ ከላይ የሚጫነው ክብደት በቋሚዎቹ ወርዶ ፓሌቱ ላይ ያርፋል እንጂ ካርቶኑን አይነካም። ከአንድ የ4 ሜትር ሞራሌ ሦስት ቋሚ ይወጣል፤ ሁለት ሞራሌ ለአንድ ፓሌት ቋሚዎች ይበቃል። ከ40ው የተረፉት አራት ካርቶኖች ከሌላ ፓሌት ጋር ሄዱ።

ከመደርደሩ በፊት የፓሌቱ ጣውላ ክፍተቶች በኮምፔንሳቶ ተሸፈኑ፤ የካርቶን ማዕዘን ክፍተት ላይ ሲያርፍ ይሰምጣልና። ካርቶኖቹ ማዕዘን ከማዕዘን ተገጣጥመው ቀጥ ብለው ተደረደሩ። አንድም ካርቶን ከፓሌቱ ጠርዝ ውጭ አልወጣም፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ እንኳ ቢወጣ ሁለት ማዕዘኖቹ አየር ላይ ስለሚሆኑ አቅሙ በብዙ ይወርዳል። ቀጥ ያለ ድርድር ደካማ ጎኑ ዓምዶቹ እርስ በርሳቸው አለመያያዛቸው ነው፤ ለዚህ በቋሚዎቹ መካከል ያለው አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት በታጠፈ ካርቶን ተሞላ፣ በየድርቡ መካከልም ጠፍጣፋ የካርቶን ወረቀት ገባ። ቋሚዎቹ አናታቸው ላይ በሞራሌ ዙሪያቸውን ታሰሩ። በላዩ 120 በ100 የሆነ ኮምፔንሳቶ ተመታ፤ ከአንድ 244 በ122 ኮምፔንሳቶ ሁለት ክዳን ይወጣል። የክዳኑ ሚስማሮች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወጣ ተደርገው ነው የተተዉት፤ ጎንደር ላይ ፓሌቱ በፎርክሊፍት ሳይሆን በእጅ ስለሚራገፍ፣ በመዶሻ ጥርስ ቶሎ እንዲነቀል።

ፊልሙ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ከታች የፓሌቱን እንጨት ይዞ ሦስት ዙር፣ ከዚያ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ወደ ላይ፣ አናት ላይ ሦስት ዙር፣ መልሶ ወደ ታች፤ በድምሩ 18 ዙር ገደማ፣ ዙሪያው 4.4 ሜትር ስለሆነ 80 ሜትር ያህል። ከፓሌቱ ሥር ያለው ክፍተት አልተሸፈነም፤ ውሃ ቢገባ እንኳ መውጫ እንዲኖረው። አናቱ ላይ ከክዳኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ ጠርዙ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል።

ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ከ250 ኪሎ በላይ አትጫኑ» ተጽፎ፣ ጎኖቹ ላይ የብርጭቆና የጃንጥላ ሥዕል በስቴንስል ታተመ። ሥዕሉ ለሁሉም ይነበባል።

ጨርሶ እንዲጫንበት የማይፈለግ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ በጠፍጣፋ ፈንታ እንደ ጣሪያ ሁለት ወገን አዘቅዝቆ ይሠራል። ምንም ነገር አያስቀምጥም፣ ሰው አይቆምበትም። በሱቅ የሚገኘው የካርቶን ሾጣጣ ግን ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ አንድ ሰው በእጁ ጠፍጥፎት ይጭንበታል። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዕቃ ደግሞ ጥሬ ሞራሌ መጠቀም አይቻልም፤ የማሸጊያ እንጨት በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ደንብ መሠረት ታክሞ፣ ለምሳሌ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቆ፣ ምልክት ሊታተምበት ይገባል።

ሰነዱ በዚህኛው ጉዞ

ሰነዱ በአራት ቦታ ሄደ። ማኅተም ያለው ዋናው በታሸገ ፖስታ ለሹፌሩ በፊርማ ተሰጠ፤ ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ማኅደር ከመኪናው ሊብሬ ጋር ተቀመጠ። ከዋናው ጋር ለኬላ የሚሆን አንድ ፎቶኮፒ ለብቻው ተሰጠው፤ ይህ ቅጂ ካለ ማንም ሰው ፓሌት ላይ የሚወጣበት፣ ፊልም የሚቀድበት ምክንያት የለውም። ሦስተኛው 1 ቁጥር ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ካርቶኑ ላይ «ሰነድ ውስጡ አለ» ተጻፈበት።

አራተኛው ፓሌቱ ላይ ነው፤ ግን አናቱ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ወደ መኪናው የኋላ በር በሚዞረው ፊት፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። የፎርክሊፍት ጥርስም የሰው ጫማም አይደርስበትም። ሁለት ላስቲክ ለብሷል፤ የውስጠኛው በፕላስተር ታሽጓል፣ የውጭኛው አፉ ወደ ታች ታጥፏል። ይህ ድርብ ልብስ ለዝናብ ብቻ አይደለም። ከዓባይ በረሃ ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ ሲወጣ በፊልሙ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ያልታሸገ ወረቀት ያለ ዝናብም ይርሳል። ላስቲኩ ከመጨረሻዎቹ ሁለት የፊልም ዙሮች ሥር ተቀመጠ፤ ከላይ ቢለጠፍ በሸራና በገመድ ይፋቃል፣ እጅግ ጠልቆ ቢቀመጥ ደግሞ አራጋፊዎች ፊልሙን ቀድደው ሲጥሉት አብሮ ይጣላል። ፊልሙ ላይ በማርከር ሳጥን ተሥሎ «ሰነድ፣ እዚህ አትቅደዱ» ተባለ። ለስላሳው ግልጽ የፒቪሲ ላስቲክ ለሌዘር ህትመት አይሁን፤ ሲሞቅ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ልጦ ይወስዳል።

ዝርዝሩ አሁን በካርቶን ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 36፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ሁለት አጎራባች ጎኖች ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ከመጫኑ በፊት አራቱም ጎንና አናቱ ፎቶ ተነስቶ፣ ዝርዝሩም አብሮ ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ በቴሌግራም ተላከ።

ርክክቡ

ባሕር ዳር ላይ እንደገና ተጫነበት፤ እንደተጠበቀው። ክዳኑ ቻለ። አዘዞ ላይ ፊልሙ ከመቀደዱ በፊት ፎቶ ተነሳ፣ ሰነዱ ከጎኑ ደረቅ ሆኖ ወጣ፣ ካርቶኖቹ በቁጥራቸው እየተጠሩ ወረዱ። የተሰበረ ብርጭቆ አልነበረም።

እንከን ግን ነበረ። ከመሀል ቋሚዎች አንዱ የቆመው ከፓሌቱ የመሀል እግር ላይ ሳይሆን ከእግሩ ራቅ ብሎ ጣውላው ላይ ነው። ጭነቱ ሲያርፍበት ጣውላው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ጎበጠ፤ ቋሚው ዘመም ብሎ የ14 እና የ23 ቁጥር ካርቶኖችን ጎን ፋቀ። ቋሚ ሲተከል ፓሌቱን ገልብጦ እግሮቹ የት እንዳሉ ማየትና ቦታውን በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ እግር የሌለው ጣውላ ላይ የቆመ ቋሚ ጭነቱን ወደ ካርቶኑ ነው የሚመልሰው።

የተፋቁት ሁለት ካርቶኖች ተከፍተው ውስጣቸው ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ፣ ኃላፊዋ በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ብላ አላለፈችም። «36 ካርቶን ተቆጥሮ ገብቷል፤ 14 እና 23 ውጫቸው ተፍቋል፣ ውስጣቸው ሙሉ ነው» ብላ በሁለቱም ቅጂ ላይ ጻፈች፤ ሹፌሩም ከሥሩ ፈረመ። ፎቶዎቹና ከጎን የወጣው ቅጂ ሞዴል 19 እስኪቆረጥ ድረስ ከፋይሉ ጋር ተያይዘው ቆዩ።